ክፍተቱን መድፈን፦ የአደጋ መከላከያ ትጥቅን በትክክል ስለ መልበስና ስለ ማውለቅ

ሄልሜት ደፍቶ፣ ማስክ አጥልቆ፣ ጓንት አድርጎም የሚጎዳ ሠራተኛ ብዙ ነው። ማስኩ ከጉንጭ ጋር ባልገጠመበት በኩል አቧራው ይገባል። መነጽሩ ከቅንድብ በራቀበት በኩል የብረት ፍንጣሪ ይሾልካል። የጆሮ ውታፉ ደጃፍ ላይ ቀርቶ ጩኸቱ እንደልቡ ያልፋል። የሴፍቲ ቤልቱ የእግር ማሰሪያ ላልቶ ሰውየው ሲወድቅ ከውስጡ ሊሾልክ ይደርሳል። ትጥቅ ሲመርጡም ሲለብሱም መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ክፍተቱ የት ነው?

ትጥቅ የመጨረሻው መከላከያ መሆኑ ግን አይረሳ። አደጋው ከነጭራሹ ሊወገድ ከቻለ ይወገድ፤ ካልተቻለ ባነሰ አደገኛ ነገር ይተካ፤ እሱም ካልሆነ በመከለያ፣ በአየር መሳቢያ ወይም በውሃ ይገደብ፤ የሥራው ሰዓትና አሠራር ይስተካከል። ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረውን ነው ትጥቅ የሚይዘው። ኮንክሪት በደረቁ እየቆረጡ ማስክ ማድረግና ውሃ እያፈሰሱ ቆርጠው ማስክ ማድረግ ፈጽሞ አይወዳደሩም።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቦታው ላይ ቆም ብለው ይመልከቱ። ከላይ ምን ሊወድቅ ይችላል? ምን ይፈናጠራል? የሚተነፍሱት አየር ምን ይዟል? እጅ የሚነካው ምንድን ነው? ጩኸቱ ምን ያህል ነው? ከእግር በታች ስንት ሜትር አለ? ኬሚካል ካለ ከዕቃው ጋር የሚመጣውን የደህንነት መረጃ ቅጽ ያስመጡና 8ኛውን ክፍል ያንብቡ። ቅጹ 16 ክፍሎች አሉት፤ ስለ ጓንት፣ ስለ መነጽርና ስለ ማስክ የሚናገረው 8ኛው ነው።

ትንፋሽ

ብዙ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው፤ ጉዳቱም ከዓመታት በኋላ ስለሚታይ ስህተቱን የሚያርም ሕመም በጊዜው አይሰማም። ከተቆረጠ ድንጋይና ኮንክሪት የሚነሣው፣ ሳንባን የሚያጠቃው የሲሊካ አቧራ ዓይን የሚያየው አይደለም። የሚታየው ደመና መሬት ላይ ካረፈ በኋላም ደቃቁ አየር ላይ ይቆያል። ስለዚህ አቧራው ጠፋ ብለው ማስክዎን ለማውለቅ አይቸኩሉ።

የትኛው ማስክ ለምን እንደሆነ እንለይ። የሐኪም ቤቱ ስስ ማስክ ከአፍና ከአፍንጫ የሚወጣውን ፍንጣቂ ለመያዝ የተሠራ ነው፤ ጎንና ጎኑ ክፍት ስለሆነ ለሥራ አቧራ አይሆንም። በፊት ላይ የተጠመጠመ ሻርፕም እንዲሁ። ኤን95 የተባለው ቢያንስ 95 በመቶ፣ በአውሮፓው ምደባ ኤፍኤፍፒ2 ቢያንስ 94 በመቶ፣ ኤፍኤፍፒ3 ደግሞ 99 በመቶ የሚሆነውን ብናኝ ያስቀራሉ። በአሜሪካው ምደባ ኤን የሚለው ፊደል ማስኩ የዘይት ጉም እንደማይችል ይናገራል፤ ዘይት ባለበት ቦታ ፒ የተጻፈበት ያስፈልጋል።

እነዚህ ሁሉ የሚይዙት ብናኝ ብቻ ነው። ጋዝና ትነት ሰተት ብሎ ያልፋቸዋል። ቲነር፣ የሚረጭ ቀለም፣ ማጣበቂያ ወይም አሞኒያ ካለ ለዚያው ጋዝ የተሠራ ካርትሪጅ (የማጣሪያ ቋት) የሚገጠምለት የጎማ ማስክ ያስፈልጋል። የካርትሪጁን ቀለም ብቻ አይተው ግን አይግዙ። በአውሮፓ ሥርዓት ቡናማ ለቀለምና ለቲነር ዓይነት ትነት፣ ግራጫ እንደ ክሎሪን ላሉ ጋዞች፣ ቢጫ እንደ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ላሉት፣ አረንጓዴ ለአሞኒያ፣ ነጭ ለብናኝ ነው። በአሜሪካ ሥርዓት ግን ነጭ ለአሲድ ጋዝ ሲሆን የቲነር ዓይነት ትነት ጥቁር ነው። አንዱን በሌላው ያነበበ ሰው የአቧራ ማጣሪያ ይዞ ጋዝ ውስጥ ይገባል። ጽሑፉን ያንብቡ።

ማጣሪያ አየርን ያጣራል እንጂ ኦክስጅን አይፈጥርም። ጤናማ አየር 20.9 በመቶ ኦክስጅን አለው፤ ከ19.5 በመቶ በታች ከወረደ የትኛውም ማጣሪያ አያድንም። ጉድጓድ፣ የፍሳሽ ማጠራቀሚያና የተዘጋ ታንከር ውስጥ አየሩ በመሣሪያ ሳይለካ ማስክን ተማምኖ መግባት ሞት ነው፤ የወደቀውን ለማውጣት ብሎ ተከትሎ የሚገባውም አብሮ ይቀራል። ከጄኔሬተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድም ሽታ የለውም፤ የተለመዱት ካርትሪጆችም አይዙትም።

የኤን95 ወይም የኤፍኤፍፒ ማስክ አደራረግ ይህን ይመስላል፦

1. እጅዎን ይታጠቡ። ላስቲኩን ሳብ አድርገው ያልላላ መሆኑን፣ ማስኩም ያልተቀደደና ያልረጠበ መሆኑን ይዩ።
2. የአፍንጫው ብረት ወደ ጣቶችዎ ጫፍ ሆኖ ማስኩን በመዳፍዎ ያቅፉት። ላስቲኮቹ ከእጅዎ ሥር ይንጠልጠሉ።
3. መጀመሪያ አገጭዎ ሥር ያስገቡት፣ ከዚያ ወደ አፍንጫ ይሳቡት። የላይኛው ላስቲክ የራስ ቅል አናት ጀርባ ላይ፣ የታችኛው ከጆሮ ሥር አልፎ ማጅራት ላይ ይረፍ። ሁለቱን ማጅራት ላይ መደረብም ማጠላለፍም ማስኩን ከጉንጭ ያነሣዋል።
4. ብረቱን በሁለት እጅ ጣቶች ከመሐል ወደ ጎን እየጫኑ አፍንጫዎ ላይ ያስተኙት። በአንድ እጅ ቆንጥጠው ካጠፉት መሐሉ ይሾልና በአፍንጫ ግራና ቀኝ ሁለት ቀዳዳ ይተዋል።
5. በሁለት መዳፍ ሸፍነው በኃይል ወደ ውጭ ይተንፍሱ። ነፋስ ዓይንዎን ከነካ ብረቱን፣ ጉንጭዎን ከነካ ላስቲኮቹን ያስተካክሉ። ከዚያ ወደ ውስጥ ይሳቡ፤ ማስኩ ወደ ፊትዎ ጠጋ ማለት አለበት።

ለጎማ ማስክ ፍተሻው ይበልጥ ግልጽ ነው። ማጣሪያዎቹን በመዳፍ ደፍነው ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ይሳቡና ለ10 ሴኮንድ ትንፋሽዎን ይያዙ። ማስኩ ፊትዎ ላይ ተጣብቆ ከቆየ ገጥሟል፤ ከላላ የሆነ ቦታ ያፈሳል።

ጺም ያለው ሰው ይህን ፍተሻ አያልፍም። የሁለት ቀን ብቅታ እንኳ ጠርዙን ያነሣዋል። ጺሙን በእምነት ወይም በሌላ ምክንያት የማይላጭ ሠራተኛ ካለ መፍትሔው አየር በሞተር እየገፋ የሚያስገባ፣ በራስ ላይ የሚደፋ ልል ኮፍያ ያለው መሣሪያ ነው፤ ጠባብ ማስክ ሰጥቶ ዝም ማለት አይደለም።

ማስኩን አገጭ ላይ ሰቅሎ ማውራት የተለመደ ነው። እንዲህ ሲሆን ውስጡ አንገት ላይ ባለው አቧራ ይለወሳል፤ መልሰው ሲያደርጉት ያን አቧራ ይተነፍሱታል። ማውራት ካስፈለገ ከአቧራው ይራቁና በደንብ ያውልቁት። የብናኝ ማስክ መተንፈስ ሲከብድ፣ ሲረጥብ ወይም ቅርጹ ሲበላሽ ይጣል። ካርትሪጅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በውስጡ ያለው ከሰል ከተከፈተበት ሰዓት ጀምሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎም ቢሆን ከአየሩ ይጠጣል። የተከፈተበትን ቀን ላዩ ላይ ይጻፉ፣ ሥራ ሲያበቃ አየር በማያስገባ ከረጢት ያሽጉት፣ አምራቹ ባለው የጊዜ ሰሌዳ ይቀይሩት። ሽታ እስኪመጣ መጠበቅ አያዋጣም፤ አንዳንድ ጋዝ፣ ለምሳሌ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ፣ የማሽተት ስሜትን ራሱን ያደነዝዛል።

ጆሮ

አንድ ሜትር ርቆ ከቆመ ሰው ጋር ለመነጋገር ድምፅ ከፍ ማድረግ ካስፈለገ ጩኸቱ 85 ዴሲቤል ሳይደርስ አልቀረም። በ85 ዴሲቤል የሚመከረው ጣሪያ 8 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፦ በ88 ዴሲቤል 4 ሰዓት፣ በ91 ደግሞ 2፣ በ94 አንድ ሰዓት፣ በ100 ዴሲቤል 15 ደቂቃ።

የስፖንጅ ውታፍ አብዛኛውን ጊዜ በትክክል አይገባም። ንጹሕ እጅ ላይ በጣቶች መካከል እያንከባለሉ መጨማደድ የሌለበት ቀጭን ዘንግ ያድርጉት። የቀኝ ጆሮ ከሆነ የግራ እጅዎን ከራስዎ በላይ አዙረው የጆሮውን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይሳቡ፤ ጠመዝማዛው ቦይ ቀጥ ይላል። ውታፉን ያስገቡና እስኪያብጥ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ በጣትዎ ደግፈው ይቆዩ። ቶሎ ከለቀቁት ተገፍቶ ይወጣል። ፊት ለፊት በመስታወት ሲታይ ጫፉ ከጆሮ ወጥቶ የሚታይ ከሆነ አልገባም። ሌላው ፍተሻ ጆሮዎን በመዳፍ ሸፍኖ መክፈት ነው፤ ጩኸቱ በጣም ከተለዋወጠ ውታፉ አልዘጋም።

ከራስ በላይ የሚታጠፈው ትልቁ መከላከያ ደግሞ ጠላቱ የመነጽር እጀታ፣ ፀጉርና ኮፍያ ነው። ቀጭን እጀታ ያለው መነጽር ይምረጡ፤ ፀጉርዎን ከትራሱ ሥር ያውጡ።

እዚህ ላይ ክፍተት ማለት ጊዜም ጭምር ነው። 30 ዴሲቤል የሚቀንስ ጥሩ መከላከያ ያለው ሰው ከ8 ሰዓት ሥራ 48 ደቂቃ ብቻ ቢያወልቀው በቀኑ መጨረሻ ያገኘው ጥበቃ 10 ዴሲቤል ገደማ ነው። ግማሹን ቀን ካወለቀው 3 ዴሲቤል ብቻ። ያልተጠበቀባቸው ደቂቃዎች የሚያስገቡት ጉልበት የተጠበቀባቸውን ሰዓታት ውጦ ያስቀራቸዋል። ስለዚህ 20 ዴሲቤል ቀንሶ ቀኑን ሙሉ የማይወልቅ ምቹ መከላከያ፣ 30 ቀንሶ እያሳከከ ከሚወልቀው ይሻላል።

ዓይን

በግራይንደር ለሚቆርጥ ሰው የፊት መከለያ ብቻውን አይበቃም። ፍንጣሪው ከአገጭ ሥር ተነሥቶ ይገባል፣ መከለያው ቀና በተደረገባት ቅጽበትም ዓይን ባዶውን ይቀራል። ከሥሩ ጎኑ የተሸፈነ መነጽር ይኑር። ለአሲድ፣ ለበረኪናና ለመሳሰሉት ፈሳሾች ዙሪያውን የሚገጥም፣ የአየር ቀዳዳው በቀጥታ ያልተከፈተ ጎግል ያስፈልጋል። የሐኪም የንባብ መነጽር ከሁለቱም አንዱን አይተካም።

ለኤሌክትሪክ ብየዳ የመስታወቱ የጥቁረት ቁጥር በአምፔሩ ይወሰናል። በተለመደው ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 160 አምፔር 10 ቁጥር፣ ከ160 እስከ 250 አምፔር 12 ቁጥር ይመከራል። ለጋዝ ብየዳ ከ4 እስከ 6 ነው፤ በዚህ መስታወት የኤሌክትሪክ ብየዳ መሥራት ዓይንን ያቃጥላል። ቃጠሎው የሚሰማው ከሰዓታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው፦ አሸዋ የገባ ይመስላል፣ ብርሃን ማየት አይቻልም። ዕቃ የሚይዘው ረዳትም እኩል ተጋላጭ ስለሆነ እሱም ይሸፈን።

አቧራ የለበሰ መነጽር በልብስ ጫፍ አይወልወል። መጀመሪያ በውሃ ያጥቡት፤ አለበለዚያ አቧራው ራሱ መስታወቱን ይቧጭረዋል፣ የተቧጨረ መነጽር ደግሞ መወለቁ አይቀርም። ኬሚካል ዓይን ውስጥ ከገባ ሽፋሽፍቱን ገልጦ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

እጅ

ከጓንት በፊት አንድ ክልክል፦ በሚሽከረከር ማሽን፣ በቶርኖም ሆነ በቋሚ መብሻ፣ ጓንት አይደረግም። ማሽኑ ጨርቁን ከያዘ እጅን ከነክንዱ ይጠቀልለዋል። ቀለበት፣ የእጅ ሰዓትና ልል እጅጌም እንዲሁ።

ለኬሚካል ሁሉ የሚሆን ጓንት የለም። ላስቲክ ጓንት በነዳጅና በዘይት ይበላሻል። ናይትሪል የተባለው ሰው ሠራሽ ጎማ ዘይቱን ይችላል፣ አሴቶን ግን በደቂቃዎች ውስጥ ያልፈዋል፤ ለአሴቶን ቡታይል የተባለው ሌላ ጎማ ነው የሚሆነው። ጓንቱ ሳይቀደድ ኬሚካሉ በውስጡ ሰርጎ ቆዳ ጋ እንደሚደርስ ብዙዎች አያስቡትም። በአምራቹ ሠንጠረዥ ላይ ያለውን የመስረጊያ ጊዜ ይመልከቱና ከዚያ በፊት ይቀይሩ። ክንድ ወደ ታች ሆኖ ሲሠራ እጅጌው ከጓንቱ በላይ ይውረድ። ወደ ላይ ተዘርግቶ ሲሠራ ደግሞ ጓንቱ ከእጅጌው በላይ ይውጣና አፉ ይታጠፍ፤ የሚንጠባጠበው እዚያው ይቀራል።

እርጥብ ሲሚንቶ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአልካሊነቱ መጠን በፒኤች ከ12 በላይ ነው፤ ሲነካ ወዲያው አያምም፣ ጓንት ወይም ቦት ጫማ ውስጥ ገብቶ ሲቆይ ግን ቆዳውን በዝግታ ይበላዋል። ገባ ብለው ከጠረጠሩ ሥራውን ያቁሙ፣ ያውልቁ፣ በብዙ ውሃ ይታጠቡ።

የኤሌክትሪክ ጎማ ጓንት በደረጃ ነው፦ 00 እስከ 500 ቮልት፣ 0 እስከ 1,000 ቮልት፣ 1 እስከ 7,500 ቮልት። በእያንዳንዱ ቀን ከሥራ በፊት አፉን ጠቅልለው አየር ያስገቡና ወደ ጣቶቹ ይግፉት፤ ወደ ጉንጭዎ አስጠግተው ያዳምጡ። ፍስ ካለ ወይም ጣቶቹ ከሟሸሹ ይጣል። ከላዩ የቆዳ ጓንት ይደረብበታል፤ ጎማው በሹል ነገር እንዳይወጋ።

ራስና እግር

ሄልሜት የሚያድነው ቅሉ ብቻ ሳይሆን ውስጡ ያለው መረብና በሁለቱ መካከል ያለው 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ባዶ ቦታ ነው። ምቱን የሚያበርደው ያ ቦታ ስለሆነ ስልክ፣ ሲጋራ ወይም ወፍራም ቆብ አይሙሉበት። ሊደፈን የማይገባው ብቸኛ ክፍተት ይህ ነው። ከቅንድብ በላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ ወደ ማጅራት ያዘነበለ ሄልሜት ግንባርን ይገልጣል። ጎንና ጎኑን በሁለት እጅ ጨምቀው ይልቀቁት፤ ከተሰነጠቀ፣ ከተንቋቋ ወይም ወደ ቅርጹ ካልተመለሰ ፀሐይ ጨርሶታል። ከባድ ነገር የመታው ሄልሜት ስንጥቅ ባይታይበትም ይጣላል። በቲነር ወይም በቤንዚን አይታጠብ፤ ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ ይበቃዋል።

የሴፍቲ ጫማ የጣት ብረት በ200 ጁል ምት የሚፈተን ነው፤ ይህም 20 ኪሎ ግራም ከ1 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ማለት ነው። ምስማር በሚበዛበት ቦታ የጣት ብረት ብቻ ያለው አይበቃም፤ ሶሉ መወጋትን የሚከላከል መሆን አለበት። ጫማውን ማታ ላይ፣ እግር አበጥ ባለበት ሰዓት፣ ይለኩ። በያጅ የሱሪውን ጫፍ ከጫማው ውጭ ያውርድ እንጂ ውስጥ አያስገባ፤ የቀለጠ ብረት የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ልብሱም ጥጥ ይሁን፤ ፖሊስተር ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ከፍታ

ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር ቀበቶ ለሚወድቅ ሰው አይሆንም፤ የሚያስፈልገው ሙሉ ሰውነት የሚይዝ ነው። የጀርባውን ቀለበት ይዘው ያንጠልጥሉትና ያራግፉት፤ የተጠማዘዘው ሁሉ ይፈታል። እንደ ጃኬት ይልበሱት፣ የእግሮቹን ማሰሪያ ይቆልፉ፣ የደረቱን መሐል ደረት ላይ ያድርጉ። ቀለበቱ በሁለቱ ትከሻ አጥንቶች መካከል ይቀመጥ። የእግር ማሰሪያው ልክ የሚታወቀው በእጅ ነው፦ የተዘረጋ መዳፍ ይገባል፣ ጭብጥ ግን አይገባም።

ከዚያ ከሥር ያለውን ቦታ ያስሉ። ገመዱ የታሰረው በጀርባው ቀለበት ከፍታ ከሆነ፦ ገመዱ 1.8 ሜትር፣ ድንጋጤ አብራጁ (ሰው ሲወድቅ እየተዘረጋ ምቱን የሚያለዝበው የገመዱ ክፍል) ሲዘረጋ 1.1 ሜትር፣ የሰውየው ቁመት 1.8 ሜትር፣ መጠባበቂያ 0.9 ሜትር፤ ገመዱ ከታሰረበት ነጥብ እስከ መሬት ድምሩ 5.6 ሜትር ነው። ከዚያ ነጥብ እስከ መሬት 4 ሜትር ብቻ ካለ ይህ ትጥቅ መሬት ከመምታት አያድንዎትም፤ ራሱ የሚጠቀለል አጭር ገመድ ወይም ከፍ ያለ ማሰሪያ ያስፈልጋል። አንዳንድ አብራጅ ከዚህ በላይ ስለሚዘረጋ የራሱን ምልክት ያንብቡ። ገመዱን እግር ሥር ማሰር ውድቀቱን ያረዝመዋል፤ ወደ ጎን ርቆ ማሰር ደግሞ እንደ ፔንዱለም አወዛውዞ ከግድግዳ ያላትማል።

የሚታሰርበት ነገር ምን ያህል ይችላል? የአሜሪካ ደንብ ለአንድ ሠራተኛ 22 ኪሎ ኒውተን ገደማ፣ ማለትም ከ2,200 ኪሎ ግራም በላይ፣ ይጠይቃል። የውሃ ቧንቧ፣ የሽቦ ቱቦና የደረጃ እጀታ ይህን አይችሉም። ገመዱን ቋጥሮ ማሳጠርም ጥንካሬውን ይሰርቃል። ወድቆ የተንጠለጠለን ሰው ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ማውረድ ግድ ነው፤ የእግር ማሰሪያው ደም ያግዳል። ማን፣ በምን መሰላል ወይም ገመድ እንደሚያወርደው ሳይታወቅ ማንም አይውጣ።

ማውለቅ

ሲለብሱ ማስክ ይቅደም፣ መነጽር ይከተል፣ ጓንት ይጨርስ። ሲያወልቁ በጣም የቆሸሸው ጓንቱ ስለሆነ እሱ ይቀድማል። የአንዱን ጓንት ውጭ አምባሩ ላይ ቆንጥጠው እየገለበጡ ያውልቁና ጓንት ባለው እጅ ይጨብጡት። ባዶውን ጣት በሌላው ጓንት ውስጠኛ ክፍል ሰድደው እየገለበጡ ያውጡ፤ የመጀመሪያው ሁለተኛው ውስጥ ይቀራል። ቀጥሎ መነጽር፣ ከዚያ ቱታ፣ በመጨረሻ ከአቧራው ወጥተው ማስክ። ማስኩን ፊቱን ሳይነኩ በላስቲኩ ይያዙት፤ የታችኛውን ቀድመው፣ የላይኛውን አስከትለው። ከዚያ እጅና ፊት ይታጠብ።

ቱታው በአየር ግፊት አይራገፍ፤ አቧራውን መልሶ ወደ ትንፋሽ ይበትነዋል። እርሳስ ወይም አስቤስቶስ የነካ ልብስ ቤት አይሂድ፤ እዚያ ያለ ሕፃን ያለ ማስክ ነው የሚተነፍሰው። ውድቀት የያዘ፣ የተተለተለ፣ የተቃጠለ ወይም ዘለበቱ የዛገ ሴፍቲ ቤልት ከአገልግሎት ሲወጣ ማሰሪያዎቹን በመቀስ ቆርጠው ይጣሉ። ሳይቆረጥ የተጣለውን ሌላ ሰው አንሥቶ ይለብሰዋል።